የቀርከሃ ዘንግ በሚሺጋን፣ ማረሻ በመንዝ

እኔ በምኖርበት በሚሺጋን፣ ሙቀቱ ሲገባ ባስ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ከሐይቁ ዳር አይጠፉም። አብዛኞቹ የሚይዙት ከካርቦን የተሠራ ቀላል ዘንግ ነው። ጎረቤቴ የሆኑት አዛውንት ግን ከአባታቸው የወረሱትን አሮጌ የቀርከሃ ዘንግ በሌላ አይለውጡም። የሠራው ፍሬድ ቶማስ የሚባል የሜይን ክፍለ ግዛት ሰው ሲሆን፣ በእጀታው ብረት ላይ ስሙና ባንጎር የምትባለው ከተማው ተቀርጸዋል። ከዓሣው ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ፣ አስደንቆም ያንገበገበኝ ይህ ስም ነው።

ዘንጉ ሸምበቆ ተቆርጦ የሚሠራ ዓይነት አይደለም። ከደቡብ ቻይና የሚመጣው ቶንኪን የተባለ ቀርከሃ ይሰነጠቅና እያንዳንዱ ስንጥቅ ሦስት ማዕዘን ይዞ ወደ ጫፉ እየሳሳ እንዲሄድ በመላጊያ ይላጋል፤ ከዚያም ስድስቱ በሙጫ ተጣብቀው ባለስድስት ጎን አንድ ዘንግ ይሆናሉ። ጣቴን ባሳልፍበት መጋጠሚያው የት እንዳለ ሊታወቀኝ አልቻለም። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች በሐር ታስረው ቫርኒሽ ተቀብተዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950 ከቻይና ጋር መነገድን ስትከለክል ይህ ቀርከሃ መምጣቱ ቀረ፣ ፋይበርግላስም ቦታውን ወሰደ፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ዘንጎች እንደ ቅርስ የሚያዙት በከፊል ስለዚህ ነው።

ለባስ የሚወረወረው ከአጋዘን ጠጉር የተሠራ ነፍሳት መሰል ማጥመጃ ትልቅና ነፋስ የሚይዘው በመሆኑ ጠንከር ያለ ዘንግ ይፈልጋል። አዛውንቱ ክሩን ወደ ኋላ ሰድደው እስኪዘረጋ ይታገሡና ወደ ፊት ይለቁታል፤ ማጥመጃው በውሃ ላይ ከተንሳፈፉት ቅጠሎች አጠገብ ያርፋል፤ ያስነሣው ሞገድ እስኪጠፋ ሳይነኩት ይቆያሉ። ቀስ ብለው ሲነቀንቁት ባሱ ከታች ተወርውሮ ይውጠዋል። የታች ከንፈሩን በአውራ ጣታቸው ይዘው መንጠቆውን ያወጡለትና መልሰው ይለቁታል። ዘንጉን ከማስቀመጣቸው በፊት እርጥበት እንዳያበላሸው በጨርቅ ያደርቁታል፤ እያደረቁም ቶማስ ሙያውን ከሃይራም ሌናርድ እንደተማረ፣ ከዚያው ከሌናርድ ቤት ፔይንና ኤድዋርድስ የተባሉ ሌሎች ባለሙያዎች እንደወጡ፣ እኛ የነገሥታትን የዘር ሐረግ እንደምንቆጥር አድርገው ይቆጥሩልኛል። እነዚህ ሰዎች ቀርከሃ ሲልጉ የኖሩ ናቸው እንጂ ጦር የመሩ ወይም አገር የገዙ አይደሉም።

ባለፈው መንዝ በሄድኩ ጊዜ አጎቴን ማረሻቸውን ማን እንደሠራው ጠየቅኋቸው። «የማዶው ጠይብ ነው» አሉኝ። ስሙን ስጠይቃቸው ዝም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱት በዚህ ሰው እጅ በተቀጠቀጠ ብረት ነው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉትም በዚያው ነው። በዚያው ሰሞን ጎረቤት ተዝካር ነበርና ባለእጁ ከሌላው ሰው ፈንጠር ብሎ በበሩ በኩል ተቀምጦ አየሁት፤ የቀረበለት ዋንጫም ለብቻው ነበር። ቡዳ ነው ብለው ልጆቻቸውን ከዓይኑ የሚጋርዱ እናቶች ዛሬም አሉ።

እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው ምክንያት የሰደበ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዋጅ አስነግረው ነበር። ቀጥቃጩም ሸማኔውም በአዋጁ ተጠቅሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ በንጉሡ የትውልድ አገር ግን የባለእጁ ዋንጫ ገና ለብቻው ነው። ይህን ለአጎቴ ባነሣባቸው ተቆጡኝ፤ «ውጭ አገር ኖረህ የአባቶችህን ወግ ልታስተምረን መጣህ?» አሉኝ። እኔ ግን አባቶቻችን ያረሱበትን ብረት የሠራው ሰው ስም በዚያ ቤት አለመታወቁ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ይነሣኛል።

የባለእጁ የበኩር ልጅ ደብረ ብርሃን ወርዶ ፋብሪካ ተቀጥሯል። አባቱ ወናፉን እንዲረከባቸው ሲለምኑት «ማን ልጁን ሊድርልኝ?» ብሎ እንደመለሰላቸው ራሳቸው ነገሩኝ። አጎቴ ደግሞ ሽማግሌው ሲደክሙ ማረሻ የሚያበጅላቸው እንዳያጡ ይሰጋሉ፤ የልጁን መሄድ ግን ከዚያ ከተለየው ዋንጫ ጋር አያገናኙትም።