የሳንድማንና የሜሬዌዘር ንትርክ
በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን የነበረው የሕንድ ሰሜን ምዕራብ ድንበር ክርክር (የድንበሩ ነገዶች እንዴት ይያዙ የሚለው) የለንደን ለዘብተኞችና የሕንድ ጦረኞች ፍልሚያ ነበር መባሉ አላሳመነኝም። የከረረው ንትርክ እዚያው ሕንድ ውስጥ፣ በጎረቤታም አስተዳደሮች መካከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ የሲንድ ግዛት የእንግሊዝ ኮሚሽነር ሜሬዌዘር (አዎን፣ በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን የኤደን የፖለቲካ ወኪል የነበረውና በመቅደላው ዘመቻ የተሳተፈው ያው ሰው) የባሉች ጉዳይ በካላት ካን (በባሉቺስታኑ ገዥ) በኩል ይጨረስ ሲል፣ በጎረቤቱ በፑንጃብ አስተዳደር ሥር የነበረው የእንግሊዝ ሹም ሳንድማን ግን ካኑን አልፎ ከማሪና ከቡግቲ የባሉች ነገዶች አለቆች ጋር በቀጥታ እየተደራደረ ደመወዝ ይመድብላቸው ነበር። ከካላት ካን ጋር የተደረገው የ1876ቱ ስምምነት ለሳንድማን ፈረደለት። የሳንድማን ዘዴ በየትኛውም ነገድ ዘንድ ይሠራ ነበር ላሉት አስተያየት ሰጪ ደግሞ፦ ሌላው የእንግሊዝ ሹም ብሩስ በፓሽቱኖቹ አገር በዋዚሪስታን ሞክሮታል፤ ግን አልሠራለትም። የዚያ አገር ነገድ የሆኑት ማሕሱዶች ለአንድ አለቃ የሚያድሩ አልነበሩምና፣ ነፍሰ ገዳዮችን ለእንግሊዞች አሳልፈው ከሰጡት ማሊኮች (የነገድ ሽማግሌዎች) መካከል በገዛ ወገኖቻቸው የተገደሉ ነበሩ።