ፓስወርዱን ጻፉት፤ ቆራሌው በሚወስደው ዕቃ ውስጥ ግን አትደብቁት

ፓስወርድን በወረቀት ጽፎ አሮጌ ዕቃ ውስጥ መደበቅ የሚለው ምክር በየጊዜው እየዞረ ይመጣል። የቆመ የግድግዳ ሰዓት ጀርባ፣ መሥራት ያቆመ ራዲዮ የባትሪ ቤት፣ መሃሉ ተቦርቡሮ የወጣ መጽሐፍ፣ ማንም የማያየው የቪዲዮ ካሴት ሽፋን፤ ዝርዝሩ ብዙ ነው፣ አንዳንዱ ያስቃል። ሁሉም የተመሠረተው ቤት የገባ ሌባ አሮጌ ዕቃ አይነካም በሚል እምነት ላይ ነው። እኔ በመጻፉ እስማማለሁ። በዕቃው ግን አልስማማም፤ በተለይ እኛ ዘንድ፣ አሮጌ ዕቃ ዋጋ ባለውና ገዢው በር ድረስ በሚመጣበት ሰፈር።

መጻፉን እናስቀድም። ፓስወርድ በወረቀት አይጻፍም የሚለው ትእዛዝ የመጣው ከመሥሪያ ቤት ነው፤ እዚያ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 የፈረንሳዩ ቲቪ5 ሞንድ በጠላፊዎች ተመትቶ ሥርጭቱ በተቋረጠ ማግስት፣ ስለ ጥቃቱ ሊያስረዳ ካሜራ ፊት የቆመው የጣቢያው ጋዜጠኛ ከኋላው ግድግዳው ላይ የጣቢያው የማኅበራዊ ሚዲያ ፓስወርዶች ተለጥፈው ይታዩ ነበር። ቢሮ ውስጥ ወረቀት እንዲህ ያዋርዳል። ቤት ግን ሌላ ነው። ከሌላ አገር ተቀምጦ ጂሜይላችሁን የሚሞክር ሰው ቁም ሣጥናችሁን መክፈት አይችልም። የደኅንነት ባለሙያው ብሩስ ሽናየር ገና እ.ኤ.አ. በ2005 ጠንካራ ፓስወርድ መርጣችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከሌሎች ውድ ወረቀቶቻችሁ ጋር በኪስ ቦርሳችሁ ያዙት ብሎ መክሯል። የብሪታኒያ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት ማዕከልም ወረቀቱ ከስልኩና ከኮምፒውተሩ ርቆ በደህና ቦታ እስከተቀመጠ ድረስ መጻፍ ችግር የለውም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒውተር ፓስወርድን ሥራ ላይ ያዋለው ፈርናንዶ ኮርባቶ ራሱ፣ ካረጀ በኋላ ለአንድ ጋዜጣ ሲናገር የራሱን ፓስወርዶች ወረቀት ላይ ጽፎ እንደሚይዝ አልደበቀም። ነገሩን የጀመረው ፕሮፌሰር በቃሉ ያልያዘውን ጡረታ የወጣች እናት በቃሏ እንድትይዝ መጠበቅ ግፍ ነው።

ደግሞስ የማይጽፍ ሰው ምን ያደርጋል? አንዱን ለሁሉም ያደርገዋል። ስሙና 123፣ ወይም የራሱ ስልክ ቁጥር፣ ወይም የልደት ዓመቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስላደረገው ብቻ የተራቀቀ የሚመስለውም አለ)። እ.ኤ.አ. በ2016 የማርክ ዙከርበርግ የትዊተርና የፒንተረስት አካውንቶች ለጥቂት ጊዜ በሌሎች እጅ ገብተው ነበር። ገባን ያሉት ሰዎች ፓስወርዱን ያገኙት ከዓመታት በፊት ከሊንክድኢን ከተሰረቀው ዝርዝር እንደሆነ ተናገሩ፤ ፓስወርዱም «ዳዳዳ» ነው አሉ። የፌስቡክ ባለቤት እንዲህ ከሆነ ሌላው ምን ይሁን?

እንግዲህ ተጻፈ እንበል። ወረቀቱ የት ይግባ?

ሌባ አሮጌ ዕቃ አይነካም የሚለው እምነት እዚህ አገር አይሠራም። እኛ ቤት ወርቅና ብር የሚደበቀው የት ነው? ሙዳይ ውስጥ፣ የበርበሬ ዕቃ ሥር፣ በኒዶ ቆርቆሮ፣ ከቁም ሣጥን በላይ ባለ አሮጌ ሻንጣ። ሌባውም እዚሁ ነው ያደገው፤ የእሱም እናት እዚያው ነው የምትደብቀው። ፈረንጅ አገርም ቢሆን ፈታሽ አይታለልም። በኖቬምበር 2021 የአሜሪካ መንግሥት መርማሪዎች ጆርጂያ ግዛት ውስጥ የጄምስ ዦንግን ቤት ሲፈትሹ ከ50,000 በላይ የተሰረቀ ቢትኮይን (ያለ መክፈቻ ኮዱ የማይንቀሳቀስ የኢንተርኔት ገንዘብ) የሚከፍቱትን መሣሪያዎች አግኝተዋል። ከፊሉ ወለል ሥር በተቀበረ ካዝና ውስጥ ነበር። ሌላው አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ሲሆን እሱ የተገኘው በመታጠቢያ ቤት ቁም ሣጥን፣ ብርድ ልብስ ሥር፣ የፈንዲሻ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። በዚያን ቀን ዋጋ ሁሉም ሲደመር ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ሌባው ዋናው ሥጋት አይደለም። ቤት የሚገባ ሌባ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ወርቅ ይዞ መሮጥ ነው የሚፈልገው፤ ቁጭ ብሎ የኢሜይል ፓስወርድ አያነብም። ወረቀቱን የሚያጠፋው ቤት የሚያጸዳ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የአየርላንድ ጋዜጦች ያወጡት አንድ ታሪክ አለ። ክሊፍተን ኮሊንስ የሚባል፣ ካናቢስ እያበቀለ የሚሸጥ ሰው 6,000 ቢትኮይን ነበረው። ሁሉንም አንድ ቦታ ማድረጉን ፈርቶ 500፣ 500 አድርጎ በ12 አካውንት ከፋፈለው። የመክፈቻ ኮዶቹን በአንድ ወረቀት አትሞ፣ ጋልዌይ በሚባለው አካባቢ በተከራየው ቤት ውስጥ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በሚቀመጥበት መያዣ የአሉሚኒየም ክዳን ውስጥ ጠቅልሎ ከተተው። ምክሩን የጻፉት ሰዎች ቢያዩት ያጨበጭቡለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ተይዞ ታሰረ። አከራዩ ቤቱን ለሌላ ሰው ሊያዘጋጅ ዕቃውን አስወጥቶ ወደ ቆሻሻ መጣያ ላከው፤ ከዚያ መጣያ የሚወጣው ደግሞ ጀርመንና ቻይና ተልኮ የሚቃጠል ነበር። ዜናው ሲወጣ ገንዘቡ ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ያወጣ ነበር፤ ፍርድ ቤት ለመንግሥት እንዲወረስ ወስኗል፤ መክፈቻው ግን በመንግሥት እጅ አልነበረም። ፖሊስ ያላገኘውን፣ ምንም የማያውቅ ሰው በአንድ የጽዳት ቀን አስወገደው።

ያ አገር ዕቃ ለመጣል መኪና መጥራት የሚያስፈልግበት ነው። እኛ ጋ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ በር ላይ ነው። ባዶ ጠርሙስ፣ የተበላሸ ራዲዮ፣ ቆርቆሮ፣ ያለቀ ጫማ፣ የተቃጠለ ካውያ፤ ምንም አይንቅም። ለበዓል ቤት ሲጠረግ ደግሞ ማንኛውም አቧራ የያዘ ነገር ዕጣው አንድ ነው፤ በትንሽ ብር ተሸጦ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ ራዲዮው ዕቃ በዕቃ ተፈትቶ ይሸጣል፣ ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ውስጡ የነበረችውን ብጣሽ ወረቀት ማንም አይፈልጋት። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ዕቃ ጭኖ መንቀሳቀስ አለ። በኮሪደር ልማት ተነሺ የሆነ ቤተሰብ ካወቃችሁ ጠይቁት፤ በአጭር ጊዜ ጠቅልሎ ሲወጣ መጀመሪያ የሚተወው አሮጌ ዕቃውን ነው።

ከፓስወርዱ መጥፋት የሚብስም አለ። ሰው ደብቆ ሲያጣ፣ ረሳሁት ብሎ አይጀምርም፤ ተወሰደብኝ ብሎ ነው የሚጀምረው። አብዛኛውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረውም የቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ያደረገችው የተባለችውን ነው፦ አቧራ አራገፈች፣ የማይሠራውን ሰዓት «ይጣል ወይ?» ብላ ጠየቀች፣ «ጣይው» ተባለች። የመለሰችው እመቤት ስለ ወረቀቱ አታውቅም፤ ባልየው ብቻውን ነው የደበቀው። ከዚያ ሻንጣዋ ይበረበራል፣ አንዳንዴም ሳይከፈላት ትባረራለች። ማንም የማያውቀው መደበቂያ እያልን የምናሞካሸው ነገር ቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ የተጠመደ ወጥመድ ነው፤ መጀመሪያ የሚይዘውም አቅም የሌላትን ነው።

እስቲ አንድ የኒዶ ቆርቆሮ ክዳኑን አንሥታችሁ እዩ። ቁልፎች አሉ፣ የየትኛው በር እንደሆኑ የማይታወቅ። ቁልፎቹ ሥር የሸሚዝ አዝራር፣ መርፌ የተሰካበት ክር፣ ያለቀ ባትሪ። ከሥር፣ ሲም ካርዱ ተፈልቅቆ የወጣለት ፕላስቲክ፤ ጀርባው ላይ ፑክ የሚባለው ቁጥር የታተመበት። ሲሙ የተቆለፈ ቀን ያች ፕላስቲክ ከወርቅ ትበልጣለች፤ ለጠራጊ ግን ቆሻሻ ናት። የተጣጠፈች ብጣሽ ወረቀት እዚህ መሃል ብትገባ ምን ለይቶ ያድናታል?

የእኔ አቋም እንግዲህ ይኸው ነው፤ ወረቀቱ መግባት ያለበት ቤተሰቡ በምንም ተአምር የማይጥለው ነገር ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ቤት እንዲህ ያለ ቦታ አለው። የቤት ካርታው፣ የመኪናው ሊብሬ፣ የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬቶች፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ሳይቀር የተከማቹበት ፌስታል ወይም ፋይል። ቤት ቢቃጠል ተይዞ የሚወጣው እሱ ነው። የታሸገ ፖስታ አድርጋችሁ እዚያ መሃል ክተቱት። ሌባ ቢያገኘውስ ትሉኝ ይሆናል። ካርታችሁን የሚወስድ ሌባ ከገባ ችግራችሁ ከፓስወርድ በላይ ነው፤ ቢያንስ ግን ፖስታው መጥፋቱን በዚያው ቀን ታውቁና ሁሉንም ትቀይራላችሁ። ሰዓት ጀርባ የነበረች ወረቀት መጥፋቷ የሚታወቀው ከዓመት በኋላ ነው።

ሁሉም አይጻፍ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር በጭንቅላታችን አስይዞናል፤ በየቀኑ የሚመታ ቁጥር አይረሳም፣ ወረቀትም አያስፈልገው። እሱን ስልክ ከቨር ውስጥ ሸጉጦ የሚዞር ሰው አለ፤ በስልኩ ስም ዝርዝር ላይ «አክስቴ» ብሎ የመዘገበም አለ። ስልክ በሚመነተፍበት ከተማ ይህ ገንዘቡን ከነመክፈቻው ማስረከብ ነው። ወረቀት ላይ የሚያስፈልገው በዓመት አንዴ የምንፈልገው ነው፦ የኢሜይሉ ፓስወርድ፣ ኢሜይሉን ለማስመለስ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር፣ የፑክ ቁጥሩ። ጉግል ራሱ አሥር፣ እያንዳንዳቸው ስምንት አሃዝ የሆኑ መጠባበቂያ ኮዶች ሰጥቶ አትማችሁ አስቀምጡ ይላል፤ ስልኩ ሲጠፋ መግቢያው እነሱ ናቸው። ከጻፋችሁ በኋላ ደግሞ ወረቀቱን ለማንኛውም ብላችሁ ፎቶ እንዳታነሡት። ፎቶው ወደ ጉግል ፎቶ ይሄዳል፣ ከዚያ ለእህት በቴሌግራም ይላካል፣ የወረቀቱም ጥቅም እዚያ ላይ ያበቃል። ከባንክ ነው የምደውለው ለሚል ድምፅም ወረቀቱ አይነበብም፤ ይህን ለወላጆቻችን ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

የቀረው ማን ይወቅ የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ዝም ይላሉ። ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚደብቀው ከሌባ ሳይሆን ከትዳር ጓደኛው ነው። በሰው ትዳር አልገባም። ግን ሰውየው ድንገት ቢሞት ምን እንደሚሆን ተለይቶ ይታወቅ። ባንክ ያለ ገንዘብ ፓስወርድ አያስፈልገውም፤ ወራሾች የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይዘው ይሄዳሉ። የሚቸገሩት በየትኛው ባንክ ሒሳብ እንዳለ ካላወቁ ነው። ስለዚህ ባንክን በተመለከተ ፖስታው ውስጥ የባንኮቹ ስም ብቻ ቢኖር ይበቃል። ፎቶው፣ ኢሜይሉ፣ የንግድ የቴሌግራም ቻናሉ ወይም የፌስቡክ ገጹ ግን ያለ ፓስወርዱ እጅ አይገባም ማለት ይቻላል፤ እነሱ ሙሉ በሙሉ ይጻፉ። ለራሳችሁ ብቻ የምትፈልጉትን ደግሞ መጨረሻውን ሦስት ፊደል አጉድላችሁ ጻፉት፤ ሦስቱን በቃላችሁ ያዙ። ፖስታው የት እንዳለ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ልጅ ውጭ አገር ካለም ለእሱ፣ ቦታውን ብቻ። ይዘቱን ማንበብ የሚያስፈልገው ቀን ሲመጣ ፋይሉን ሄዶ የሚያወጣ ጎረቤት ወይም ዘመድ አይጠፋም።