«ይገጥማል» ያላችሁኝ ሁሉ፣ የት ናችሁ?

ዛሬ ሆዴ ሞልቶ ነው የምጽፈው፤ ይረዝማል። መኪናው ከአስፋልት ወርዶ የማያውቅ ሰው አልፎት ይሂድ፣ አልቀየምም።

እዚህ ከተማ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፦ «ይገጥማል»። ዋጋው ስንት ነው ስትለው፣ ይገጥማል። ከየትኛው ሞዴል የወረደ ነው? «አባቴ፣ ይገጥማል አልኩህ እኮ!» ጥርሱ ስንት ነው ብለህ ስትደግምለት የራሱን ጥርስ ያሳይሃል።

የእኔ መኪና ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት። ሞተሯ 1ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የማታውቅ። ቱሪስትም የጥናት ቡድንም ይዤ አፋር፣ ኦሞ፣ ባሌ እመላለስባታለሁ። በ2016 ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አዲስ መኪና የሚባል ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤቴ ወጣ። ያለችኝን ላጠናክራት ብዬ ተነሳሁ። ላጠናክራት! አፌን በያዘኝ ኖሮ።

መጀመሪያ ያሳሳተኝ ጎማ ነው። በሥራ የምንገናኝ አንድ ልጅ 35 ኢንች አስገጥሞ መጣ፤ መኪናው ቆማ ስትታይ አንበሳ ትመስላለች። ፈረንጆቹም ከጎኗ ፎቶ መነሳት ይወዳሉ። እኔም አስገጠምኩ። 7.50አር16 የሚባለው የፋብሪካው ጎማ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 35 ኢንቹ 89 ይደርሳል። ይህቺ ልዩነት ምን ታመጣለች ትል ይሆናል። ጎማው ከአሥር በመቶ በላይ ሲያድግ ሞተሩ አንድ ዙር ለማዞር የዚያኑ ያህል ይከብደዋል። ዲፈረንሻል የሚባለው፣ የሞተሩን ዙር ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የጥርሶች ስብስብ ነው፤ ጥምርታው ደግሞ ጎማው አንዴ ሲዞር ከሞተር በኩል የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግርሃል። 4.11 የነበረው የእኔ ጥምርታ 3.7 የሆነ ያህል ነው። ድሮ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሦስተኛ እወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ እያቃሰትኩ መውጣት ጀመርኩ። ዕቃ የጫነ አይሱዙ ክላክስ እያደረገብኝ አልፎኝ ሄደ። ፍጥነት መለኪያው ደግሞ ዋሾ ሆነ፤ 80 ሲል እውነቱ 88 ነው።

ጎማውን የሸጠልኝ ነጋዴ፣ የገጠመው ጎሚስታ፣ ጎማው እንዳይነካ ሞላ ቀይሮ መኪናዋን ከፍ ያደረገልኝ ጋራዥ፤ ከሦስቱ አንዳቸውም «አክስሉስ?» ብለው አልጠየቁኝም፤ ዲፈረንሻሉን አቅፎ ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘውን ብረት ማለቴ ነው። ጎማ ሲረዝም ድንጋይ ላይ ነክሶ ሲይዝ የሚመጣውን ጉልበት የሚከፍለው ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ (ሻፍቱ)፣ የዲፈረንሻሉ ትንሹ ጥርስ (ፒኞኑ) እና ኩሽኔታው ነው። ግን ጎማ ይታያል። አክስል ጭቃ ለብሶ ከታች ነው ያለው፤ ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል።

በነገራችን ላይ ይህን 35 ኢንች ሃይሉክስ ላይ የምታስገጥሙ ሰዎች ልባችሁ ደንዳና ነው። የሃርድቶፕ የኋላ አክስል ክብደቱን የሚሸከመው በውጭኛው የአክስሉ ብረት ላይ በተቀመጡ ሁለት ኩሽኔታዎች ነው፤ ሻፍቱ ሥራው ማዞር ብቻ ነው። ቢሰበር ብሎኑን ፈትተህ፣ ስብርባሪውን አውጥተህ፣ በፊት ጎማ እየጎተትክ ቤትህ ትገባለህ። የሃይሉክሱ ሻፍት ግን ያዞራልም ይሸከማልም። እሱ ሲሰበር ጎማው ራሱ ጥሎህ ሊሄድ ይችላል። ጎማህ ከፊትህ ሲቀድምህ ማየት ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደ ጉዳዬ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከኋላ ዲፈረንሻሌ ማላዘን መጣ። 60 ላይ ያለቅሳል፣ ነዳጅ ስለቅ ዜማውን ይቀይራል። ሲከፈት ዘይቱ ማኪያቶ ሆኖ ወጣ። ኦሞ ላይ ወንዝ ስሻገር የገባ ውኃ ነው። ሲሄድ የዋለ አክስል እንደ ምጣድ ይግላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት ስትነክረው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ዘይቱን በሚይዘው ጎማ፣ በሲሉ በኩል ውኃ ይስባል። የአክስሉ አየር መተንፈሻ ላይ ቀጭን ጎማ ቀጥሎ ወደ ላይ፣ ወደ ሞተር ክፍል መውሰድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አንድ ሁለት ሜትር ቱቦ! ይህንንም የነገረኝ ሰው ኩሽኔታው ከተበላ፣ ጥርሱ ከተቆረሰ በኋላ ነው የመጣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቨርጂኒያ ያለው የአጎቴ ልጅ ጉዳዩን ሲሰማ በቪዲዮ ደወለ። «እሱን አውልቀህ ጣለውና ዳና 60 አስገባበት» አለኝ። እሺ ወንድሜ። ዳና 60 የትልልቆቹ አሜሪካ ሠራሽ ፒክ አፖች አክስል ነው፤ ትልቁ ጥርሱ 9.75 ኢንች። የእኔው የኋላ 9.5 ኢንች ነው። ለስድስት ሚሊ ሜትር ብዬ ያን የሚያህል ብረት በመርከብ ላስመጣ፣ ባሌስትራ መቀመጫውን ላስቆርጥ፣ ፍሬኑን ልለውጥ፣ ቀረጥ ልክፈል? «ቢያንስ አይሰበርም» ይላል። አዎ፣ እኔ ነኝ የምሰበረው።

ስለዚህ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሙሉ የኋላ ዲፈረንሻል፣ ንጹሕ፣ ጥርሱ የሚያብረቀርቅ። የሁለት ወር ገቢዬን ቆጠርኩለት። «ላንድክሩዘር ነው አይደል? ይገጥማል» አለኝ ሻጩ ልጅ። ገጠመም! እያንዳንዱ ብሎን ቀዳዳውን አገኘ፣ ሻፍቱ ቅቤ እንደተቀባ ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ ስነዳት ጸጥ ያለች ናት። ያንን ልጅ በልቤ መረቅሁት።

ከዚያ አፋር። ከሀመድ ኢላ ወደ ኤርታ አሌ ስናመራ አሸዋው ላይ ፎር ዊል አስገባሁ፤ ሰላም ነው። አሸዋ ኃጢአት ይሸፍናል፣ ጎማው ይንሸራተትልሃል። የቀዘቀዘው ላቫ ላይ ስንወጣ ግን መኪናዋ እንደ እልኸኛ በቅሎ ትገተር ጀመር። መሪው ይደነድናል፣ ከታች የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል። ፎር ዊሉን ላወጣ ብል ማርሹ ሲሚንቶ የፈሰሰበት መሰለ። ከኋላ የተቀመጡት ፈረንጆች ችግር አለ ወይ ሲሉኝ ኧረ ምንም የለም እላለሁ፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ስመለስ «ጧ!» ብሎ ለቀቀኝ። የቀረውን መንገድ በሁለት ጎማ እየታገልኩ፣ ሲብስ በጓደኛዬ መኪና እየተጎተትኩ ጨረስኩት። ዕድሜ ልኬን ሰው ስጎትት የኖርኩ ሰውዬ!

አዲስ አበባ ስመለስ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ጋሼ ምንም ነገር አልፈቱም። አንዱን የኋላ ጎማ መሬት አስይዘው፣ ሌላውን በክሪክ አነሱ። ፕሮፔለር ሻፍቱ ላይ፣ ዙሩን ወደ ዲፈረንሻሉ በሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ላይ፣ በጠመኔ ሰረዝ አደረጉ፤ ጎማውን በእጃቸው ሁለት ዙር አዞሩ። «ቁጠር» አሉኝ። ሻፍቱ አራት ዙር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ወደ ፊት ሄደው ያንኑ ደገሙት፤ አራት ዙር ሞልቶ አለፈ። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ሁለት መኪና ነው የምትነዳው» አሉ።

ነገሩ ይኸው ነው። የገዛሁት ከቪ8፣ ከባለ ስምንት ሲሊንደሩ ላንድክሩዘር የወረደ ነው፤ ጥርሱ 43 ለ 11፣ ማለትም 3.91። የፊቴ 37 ለ 9፣ ማለትም 4.11። ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ሻፍት አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ የፊቱ ጎማ 100 ሜትር ሲሄድ የኋላው 105 ልሂድ ይላል። ያቺ አምስት ሜትር መሄጃ ስታጣ ብረቱን ትጠመዝዛለች። በአምስት ደቂቃ፣ በአንዲት ጠመኔ የሚታወቅ ነገር! ሻጩ አያውቅም፣ የገጠመው ጋራዥ አልጠየቀም፣ እኔም ሞኙ አልቆጠርኩም።

ለሻጩ ይዤለት ሄድኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ገጥሟል አይደል እንዴ?» መልስ አጣሁ። ገጥሟላ!

አሁን ምን ላድርግ? ትልቁን ጎማ ላቆይ ካልኩ የፊቱንም የኋላውንም ወደ 4.30 መቀየር አለብኝ፤ ሁለቱንም፣ አንዱን ብቻ አይሆንም። የፊቱ ትልቁ ጥርስ 8 ኢንች ስለሆነ ከኋላው ጋር አይለዋወጥም፤ ሁለት የተለያየ ዕቃ ፍለጋ ነው። ኦርጅናል የሚባለው ካርቶኑ ብቻ ኦርጅናል ሆኖ ይገኛል። ተገኘ እንበል፤ ማን ያስተካክለዋል? የፒኞኑና የክራውኑ (የትልቁ ጥርስ) ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ነው። አንዱን ጋራዥ ይህን የሚለካውን መሣሪያ፣ «ዳያል ኢንዲኬተር አላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጆሮ አለኝ፣ አለቃ» አለኝ። ሎከር ጨምርበት የሚሉኝም አሉ፤ ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ ስታስር ጉልበቱ ሁሉ መሬት በያዘው በአንዱ ሻፍት ላይ እንደሚወድቅ ግን ማንም ጨምሮ አይነግርህም።

ደከመኝ። ወደ 7.50አር16 እመለሳለሁ፤ ጋሼ ከየትም ፈልገው 4.11 የኋላ አግኝተውልኛል፣ ራሳቸው ቆጥረው። መተንፈሻውንም እስከ ላይ አወጡልኝ፤ ለቱቦው አላስከፈሉኝም።

35 ኢንቹን ከነቸርኬው ለሽያጭ አወጣሁት። ትናንት ማታ አንድ ልጅ ደወለ። «ሃይሉክስ አለኝ፤ ይገጥማል?» አይገጥምም አልኩት። የእኔ ቸርኬ ባለ አምስት ብሎን፣ የአንተው ባለ ስድስት ነው፤ ቢገጥም እንኳ አክስልህ አይችለውም፣ ሻፍትህ ይሸከማል... እያልኩ ልዘረዝርለት ስጀምር አቋረጠኝ።

«ችግር የለም ብሮ፣ ቶርኖ ቤት አስበስቼ አስገጥመዋለሁ። መጨረሻው ስንት ነው?»