ይድረስ ኪራይ ሳይከፍሉ አብረውኝ ለሚኖሩት ለበር ሥር ብርድ

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ካፖርት ለብሻለሁ። ከላዩ ጋቢ፣ ከጋቢው ላይ ብርድ ልብስ አለ። ብርድ ልብሱ የዚሁ የከተማችን ፋብሪካ ሥራ ነው። ደብረ ብርሃን ለአገሩ ሁሉ ብርድ ልብስ ስትሠራ ኖራለች። ለምን እንደሆነ ለማወቅ እዚህ አንድ የኅዳር ሌሊት ማደር ይበቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ውርጩ በጥቅምት ይጀምራል፤ ጥር እስኪጋመስ አይለቅም። ግን ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እርስዎ የሚገቡት በላሜራው በርና በሊሾው መሃል ባለችው ክፍተት ነው። ሁለት ጣት ብትሆን ነው። አይጧ እንኳ ስታልፍባት ጎንበስ ትላለች። እርስዎ ግን ቀጥ ብለው ነው የሚገቡት።

አንቱ የምልዎ በነባርነትዎ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ያውቅዎታል። ከእሱ በፊት የነበረችውም እንዲሁ። ሁለቱም እየከፈሉ ኖረው ለቀቁ፤ እርስዎ ሳይከፍሉ አሉ።

በዚህ ከተማ ቤት የሚታየው በቀትር ነው። ማንም አከራይ "ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናና ላሳይህ" ብሎ አያውቅም። በቀትር ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያግለዋል፤ ክፍሉም ሞቅ ይላል። አከራያችን (ግቢው ውስጥ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው) "ልጄ፣ ይሄ ቤት ሙቀት አለው" ይላሉ። አልዋሹም፤ በቀትር አለው። እርስዎ ደግሞ ያን ሰዓት ከቤት አይገኙም። ለእትዬ ያለዎትን ታማኝነት ሳላደንቅ አላልፍም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰሞኑን ስለ ሌላ አገር ቤቶች አነበብኩና እንቅልፍ አጣሁ። እንቅልፉን ቀድመው የወሰዱት እርስዎ ስለሆኑ ብዙም አልከሰርኩም።

እንግሊዝ አገር ቢሆኑ ኖሮ ክቡርነትዎ መታወቂያ ይኖርዎት ነበር። እዚያ የሚከራይ ቤት ባለሙያ ይመጣበታል። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ ማሞቂያው ይታያል፤ ከዚያ ቤቱ ለኃይል ቁጠባው ከኤ (ምርጡ) እስከ ጂ (መናኛው) አንድ ፊደል ይሰጠዋል። ወረቀቱ አሥር ዓመት ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ኤፍ ወይም ጂ ያገኘ ቤት ለአዲስ ተከራይ አይሰጥም። በ2020 ነባር ተከራይ ያለባቸው ቤቶችም ተጨመሩ። ደንቡን የጣሰ አከራይ እስከ 5,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። እርግጥ አከራዩ እስከ 3,500 ፓውንድ ድረስ አውጥቶ ቤቱ ካልተሻሻለ፣ ተመዝግቦ ነጻ ይሆናል። ሕጉም በበኩሉ ከሥሩ ክፍተት አለው ማለት ነው። ዘመድ አያጡም።

ፈረንሳዮች ደግሞ ከፉ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ኤፍና ጂ ቤት ላይ ኪራይ መጨመር ከለከሉ። ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ጂ በተባለ ቤት አዲስ ውል አይፈረምም። ኤፍ በ2028፣ ኢ ደግሞ በ2034 ይከተላሉ። ጀርመን ውስጥ ዳርምሽታት በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1991 ብርድ እንዳይገባ፣ ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራ ቤት አለ፤ ዛሬ ያ ዓይነቱ ቤት ራሱን የቻለ መለኪያ ሆኗል። መለኪያውን ለማለፍ በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጠምና አየር ይመጠጣል፤ ምን ያህል እንደሚያፈስ በቁጥር ይመዘገባል። እኔ ቤት ማራገቢያ አያስፈልግም። ሻማ ለኩሶ በሩ አጠገብ ማቆም ነው። ነበልባሉ ወዲያው ወደ አልጋዬ ይሰግዳል።

የእኔ ክፍል ምን ያገኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ብሎኬት ግድግዳ፣ ከውስጥ ብቻ የተለሰነ። ነጠላ መስታወት፤ አንዱ ጥግ ላይ በፕላስተር የተያዘ። ከላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ኮርኒስ፣ ከሱ በላይ ባዶ ቆርቆሮ። የነሱ ፊደል ከጂ በኋላ 19 ይቀሩታል። ሁሉንም እፈልጋቸዋለሁ።

ደንብ የለንም እንዳይሉኝ ግን። አለን። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 በእኛ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ስለ ኃይል ቁጠባ ይናገራል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 የወጣ ነው፤ ሕንፃ ለሰው ደህንነትና ጤና እንዲመች ዝቅተኛ መለኪያ አስቀምጧል። በላዬ ላይ እንዳይፈርስ ስለተጨነቀልኝ አመሰግናለሁ። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ደግ ነገር ነው። የወጣው ግን ኪራይን ለመግታት ነው እንጂ እርስዎን ለመግታት አይደለም።

እውነተኛው የኃይል ቁጠባ ደንብ ያለው እትዬ ዘንድ ነው። እትዬ ከፓሪስም ከለንደንም ቀድመዋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል። ካውያ ቅዳሜ ብቻ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ "ቆጣሪው ይሮጣል"። የጣሰ ተከራይ በሰባት ቋንቋ ይረገማል። የሚገርመው ደንቡ ሁሉ ለተከራይ ብቻ የወጣ መሆኑ ነው። ግድግዳውን የሚመለከት አንድ አንቀጽ የለም። ቆርቆሮው እንደፈለገ ይሆናል። እርስዎ እንደፈለጉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ቆጥብ የሚባለው የሚንቀጠቀጠው ሰው ነው።

ስለ ቆጣሪው ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ግቢያችን ውስጥ ቆጣሪው አንድ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ብዙ ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ሰው ርካሹን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው ሲጨምር ዋጋው ይወጣል። ይህ የታሰበው ለድሃ ነበር። ድሆቹ አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመሩ ግን በወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ሀብታም ይሆናሉ። አንድ አምፖልና አንድ የስልክ ቻርጀር ይዤ የባለ ቪላውን እርከን እከፍላለሁ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ፣ "ማሞቂያ ግዛ" የሚለኝ ወዳጅ ካለ መጀመሪያ ሒሳቡን ይላክልኝ።

አሁን ደግሞ "ታዲያ ክፍተቷን ለምን አትደፍናትም?" ይሉኛል። አውቃለሁ፣ እንደሚሉ። ጎረቤቴ የሆነውን አይተዋልና።

ጎረቤቴ እጁ የማያርፍ ልጅ ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ የማዳበሪያውን ኮርኒስ ገነጠለና በችፑድ ለወጠው። የበሩን ሥር በሲሚንቶ ከፍ አደረገው። መስኮቱን በሲሊኮን አሸገው። ክፍሉ ሞቀ፤ እኛም ቡና በጠጣን ቁጥር ቡናው እሱ ጋ ሆነ። ወሩ ሳይሞላ እትዬ ጎበኙት። ዙሪያውን አዩ፣ ኮርኒሱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ፦

"ልጄ፣ ይሄ ቤት አሁን ኮርኒስ ያለው ቤት ሆኗል እኮ።"

"እኔ ነኝ ያሠራሁት፣ እትዬ።"

"እግዜር ይስጥህ። ኮርኒስ ያለው ቤት ደግሞ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ።"

ጎረቤቴ ለቀቀ። አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ባል፣ ሚስትና ልጅ አሉ፤ ሙቀት በሙቀት ናቸው፤ ኪራዩ ሰማይ ወጥቷል። ይኸው ነው ነገሩ። የሚበርደው ተከራዩ ነው፤ ግድግዳው የአከራይ ነው። አከራይ አንድ ብር ቢያወጣ ጥቅሙ ለተከራይ ይሄድበታል፣ ስለዚህ አያወጣም። ተከራይ ቢያወጣ ጥቅሙ በጭማሪ መልክ ለአከራይ ይመለሳል፣ ስለዚህ አያወጣም። በሁለቱ መሃል ክፍት የሚቀር ቦታ አለ። እርስዎ እዚያ ነው የተቀመጡት። ፈረንሳዮች መጀመሪያ ጭማሪውን የከለከሉት ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

እትዬንም ሙሉ በሙሉ አልወቅስም። ፋብሪካው በዛ፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አመጣ፣ ሰው ቤት ይፈልጋል። በር ሥሯ ክፍት የሆነ ክፍል በማግስቱ የምትከራይ ከሆነ ሲሚንቶ ማን ይገዛል?

ለነገሩ እርስዎ ብቻዎን አይሠሩም። ግብረ አበር አለዎት። ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ በማዳበሪያው ስፌት ሾልኮ በቆርቆሮው በኩል ይሄዳል። የወጣውን ለመተካት እርስዎ ከታች ይሳባሉ። ጣሪያው ጠራዎት እንጂ እርስዎማ ተጋባዥ ነዎት። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮው ያለ የሌለ ሙቀቱን ወደ ላይ ይበትናል፤ ከውጪው አየር ብሶ ይቀዘቅዛል። ንጋት ላይ የራሴ ትንፋሽ ውሃ ሆኖ ከቆርቆሮው ሥር ይንጠባጠብብኛል። ተንፍሼ ያወጣሁትን መልሶ የሚያስረክበኝ ቤት ነው።

አያቴ መንዝ ውስጥ የነበራት ቤት ይህን አያውቅም ነበር። የድንጋይ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ነው። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር። ጓሳን የመንዝ ሰው ከ400 ዓመት በላይ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው ያለ ነገር አይደለም፤ ሣሩ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለክፉ ቀን ግጦሽ ነው። በሩ አጭር ነበር፤ ሰው አጎንብሶ ይገባል፣ እርስዎም አጎንብሰው። ከብቱ በአንድ ወገን ያድራል፤ ማሞቂያው ያመሰኳል። መሐንዲስ የለ፣ ሰርተፍኬት የለ። እርግጥ ጢሱ ዓይን ያወጣል፣ ቁንጫውም ሌላ ታሪክ ነው፤ ተመልሼ እዚያ እኖራለሁ አልልም። ግን ከዚያ ድንጋይና ሣር ወጥተን፣ ከፍለን፣ "ዘመናዊ" ተብሎ እዚህ ብሎኬት ውስጥ የገባነው እርስዎን ለማግኘት ነው እንዴ?

አንድ ነገር ግን ልመስክርልዎ። እትዬ "እሱ ቀዳዳ አየር ነው፣ ጤና ነው" ሲሉ ግማሽ እውነት አላቸው። በዚህ ብርድ ብዙ ሰው ከሰል ያስገባል። ውጪ አቀጣጥሎ፣ ጢሱ ሲያልቅ "አሁን ደህና ነው" ብሎ ይዞት ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ይተኛል። ገዳዩ ግን ጢሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ፍሙ ሲቀላም ይወጣል። ስለዚህ ከሰል እያነደዱ ክፍተት መድፈን አይቀለድበትም። ግን ክቡርነትዎ፣ አየር በመስኮት ይግባ፣ ስከፍት ይግባ፣ ስዘጋ ይቅር። የእርስዎ ነገር እኮ መክፈቻም መዝጊያም የለውም።

"በጥቅምት አንድ አጥንት" ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ ለእርስዎ መድኃኒቱ ሥጋ ነው ለማለት። የሥጋውን ዋጋ አይተዋል? ከኮርኒስ አይተናነስም። አረቄውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ያሞቃል የሚሉት ሲጠጡት ነው፣ ንጋት ላይ እርስዎ በእጥፍ ይመጣሉ።

ስለዚህ ውሳኔዬን ላሳውቅዎ። ከጎማ ሠሪው አሮጌ ከመነዳሪ አግኝቻለሁ። ቆርጬ በበሩ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ በሚስማር እመታዋለሁ። ሚስማሩን የምመታው እትዬ ቅዳሴ በሄዱበት ሰዓት ነው። ጎማውን የበሩን ቀለም እቀባዋለሁ፤ የኔ ኃይል ቁጠባ በስውር የሚካሄድ ነው። እትዬ ድንገት ቢገቡና "ዛሬስ ቤትህ ሞቅ ብሏል" ቢሉኝ እንደምንቀጠቀጥ አደርጋለሁ፤ ልምዱ አለኝ። እርስዎም ከደጅ ሆነው ትንሽ ቢያፏጩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ከሰላምታ ጋር፣
ከግቢው መጨረሻ ካለው ክፍል

ግልባጭ፦
ለቆርቆሮው
ለማዳበሪያ ኮርኒሱ
ለእትዬ (የሁለት ዓመቱ ውል ከተፈረመ በኋላ የሚሰጥ)