መዝገብ የሌለው ወንጀል

ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ ሰው ከታሪፉ በፊት የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው። «ዛሬስ እንዴት ነው? ይታለፋል?» ረዳቱ ትናንት ማን እንዳለፈ፣ ማን ከየት እንደተመለሰ ይናገራል። ተሳፋሪው ይሰማል፣ ያማትባል፣ ይሳፈራል። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ወርዷል እንደምንለው ሁሉ፣ እዚያ ጋ ሰው እያገቱ ነው እንባባላለን። ከዚያ ወደ ሥራችን። ግን ጭጋግ ወንጀለኛ የለውም። እገታ አለው።

ሰሜን ሸዋ ስል ሁለቱንም ዞኖች ማለቴ ነው፤ የአማራ ክልሉንም የኦሮሚያውንም። ሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ከ100 በላይ ሰው። ከቀናት በኋላ መንግሥት ከ167 ታጋቾች 160ዎቹ ነፃ ወጥተዋል አለ። ቤተሰብ ደግሞ ልጆቻችን አልመጡም፣ አሁንም ብር አምጡ እየተባልን ነው አለ። ማን እውነቱን እንደተናገረ በስም ዝርዝር ማረጋገጥ የሚቻልበት፣ ለሕዝብ የተገለጠ ሰነድ ያየ አለ? እኔ አላየሁም። ስንቱ ታግቶ ስንቱ እንደተመለሰ በስም ተጽፎ ካልታየ፣ ስለ የቱ ፍትሕ ነው የምናወራው?

የታጋች ቤት ገብቼ አውቃለሁ። ልቅሶ ቤት ይመስላል፤ ድንኳን ግን የለም፣ ጮክ ብሎ የሚያለቅስም የለም። የእድሩ ጸሐፊ ደብተር ይዞ መደቡ ላይ ተቀምጧል። እገሌ 500፣ እገሊት 200፣ ጠላ የምትሸጠው ጎረቤት 1,000። በሬውን ሊሸጥ ቃል የገባው አጎት በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ ገበያ ውሎ ሲመለስ በእስክሪብቶ ይጻፋል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ቤቱ ጸጥ ይላል። እናትየውን «እትዬ፣ ለፖሊስ አመለከታችሁ?» አልኳቸው። «ምን ብዬ ልጄ? ሰምተው ቢገድሉብኝስ? ደሞስ ቢሰሙ ምን ሊያደርጉልኝ?» አሉኝ።

እሳቸው ላይ የሚፈርድ አንጀት የለኝም። በቦታቸው ብሆን እኔም እከፍላለሁ። ልጁ ተለቀቀ፤ ተመስገን ተባለ፤ ደብተሩ ሣጥን ገባ። ስለዚያ ወንጀል በጽሑፍ የቀረው ያ የእድር ደብተር ብቻ ነው። ጣቢያ የለም፣ ዐቃቤ ሕግ ጋ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም። እንዳልተደረገ ሆኗል።

አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። የሸዋ ሰው በቅሎውን ንቆ አይደለም እንዲህ የሚለው። ዳኛ ሰምቶ ከፈረደ፣ የጎዳው ፍርድ እንኳ ይቀበሉታል። ዳኛ ያላየው በደል ግን ጭብጦም ቢሆን ያንገበግባል። ዛሬ ያለ ፍርድ የሚሄደው ደግሞ ጭብጦ መች ሆነ? በሬ ነው፣ መሬት ነው፣ ልጅ ነው።

ድሮ በአገራችን አውጫጭኝ የሚባል ነገር ነበር። ሌባው ካልታወቀ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፣ የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ንጹሕ ሰው ከእርሻው ቀርቶ ይንገላታበት ነበርና ይመለስ አልልም። ግን አንድ ቁም ነገር ነበረው። የአንድ ሰው ከብት መጥፋት የአገሩ ሁሉ ጉዳይ ነበር። አሁን የአንድ ሰው ልጅ መጥፋት የቤተሰቡና የእድሩ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል።

መቼም የባለሥልጣናቱ መልስ ይታወቃል። «ጦርነት ላይ ነን፣ ፖሊስ ጫካ ገብቶ ይሙት?» እውነት ነው፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን እናውቃለን። ግን መዝገብ ለመክፈት ጫካ መግባት አያስፈልግም። ወረቀትና ፈቃደኛ ሰው ይበቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ካወቀ ወይም ከጠረጠረ ምርመራ እንዲጀምር ያዛል። እናትየው እስኪያመለክቱ ጠብቅ አይልም። መናኸሪያው በሙሉ የሚያወራውን ፖሊስ አልሰማሁም ሊል አይችልም።

እኛም ብንሆን አንድ ነውር ይዘናል። ሰው ታገተ ሲባል መጀመሪያ የምናጣራው አጋቹ የማን ወገን እንደሆነ ነው። የኛ ከሆነ «ለትግሉ ነው» እያልን እናለዝበዋለን፤ የነሱ ከሆነ አውሬ ናቸው እንላለን። ለታጋቹ እናት ልዩነቱ ምንድን ነው? ደራ ላይ ከብቱን ሸጦ የሚከፍለው ገበሬ አማርኛ ይናገር ኦሮምኛ፣ የሚወሰድበት ያው ከብት ነው። ደንብ ልብስ የለበሰም ቢሆን ሰውን ያለ ክስ አስሮ «ካልከፈልክ አትወጣም» ካለ አጋች ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። እውነት ይወጣል፣ ተጠያቂነት ይኖራል፣ ተጎጂ ይካሳል ይላል። ደስ ይላል። ግን በምን ማስረጃ? ያ ቀን ቢመጣ እትዬ ምን ይዘው ይቀርባሉ? ስለዚህ እድሮች ደብተሩን አትጣሉት። መዋጮውን ብቻም አትጻፉ። የተያዘበት ቀን፣ የተያዘበት ቦታ፣ የደወለው ስልክ ቁጥር፣ ብሩ የገባበት የባንክ ሒሳብ ይጻፍ። ለአሁኑ ታጋቹ እስኪለቀቅ በምስጢር ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ ግልባጩ ለዐቃቤ ሕግም ለሰብአዊ መብት ኮሚሽንም ይሂድ።

የመንግሥት ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው። ሲም ካርድ በመታወቂያ ነው የሚወጣው። ባንክም መታወቂያ ሳያይ ሒሳብ አይከፍትም። አንድ ድሃ ገበሬ የበሬውን ዋጋ በባንክ ካስገባ፣ ብሩ የገባበት ሒሳብ ባለቤት ስምና ፎቶ እዚያው ባንኩ ውስጥ አለ። የዞኑ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ቢያንስ ይህን ጠይቀው እንደሆነ ይንገሩን።