ሠራተኛው መቼ ተጠየቀ?

የክርክሩ ርእስ፦ ብሪታንያ በ1940 ያቋቋመችው የአሠሪዎችና የሠራተኞች የጋራ አማካሪ ኮሚቴ ሠራተኛውን ጠቅሟል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦ ግንቦት 1940 የጀርመን ጦር ፈረንሳይን እየጠራረገ ነበር። ቸርችል የትራንስፖርት ሠራተኞችን ማኅበር ሲመራ የኖረውን ኧርነስት ቤቪንን የሠራተኛ ሚኒስትር አደረገው። ቤቪንም ከአሠሪዎች ሰባት፣ ከሠራተኛ ማኅበራት ሰባት ሰዎችን አሰባስቦ ምክራቸውን ጠየቀ። ደመወዝን በአዋጅ መወሰን ሲችል የደመወዝ ድርድሩ እንዲቀጥል፣ ያልተስማሙትም ወደ ግልግል ዳኝነት እንዲሄዱ ተደረገ። ሠራተኛው ራሱ ተስማምቶ አድማን ተወ። በሂትለር አገር ግን ማኅበራቱ ገና በ1933 ተዘግተው መሪዎቻቸው ታስረው ነበር።

ተቃዋሚ፦ “ሠራተኛው ራሱ ተስማምቶ!” መቼ ተጠየቀ? በየትኛው ስብሰባ እጁን አወጣ? የተስማሙት ሰባት የማኅበር ሹማምንት ናቸው። ምክራቸው በሐምሌ ወር ትእዛዝ ቁጥር 1305 ሆኖ ወጣ፤ ጉዳዩ ለሚኒስትሩ ቀርቦ 21 ቀን ሙሉ ለዳኝነት ሳይመራ ካልቀረ በቀር አድማ መምታት ወንጀል ሆነ። የተስማማ ሰው በወንጀል ሕግ ይጠበቃል እንዴ?

ደጋፊ፦ ያው ትእዛዝ አሠሪው በክርክር ጊዜ በሩን ዘግቶ ሠራተኛውን እንዳያስወጣም ከልክሏል፤ ይህን ማንበብ አልፈለጉም። በ1941 ደግሞ በጦርነቱ ወሳኝ በተባሉ ሥራዎች አሠሪ ያለ መንግሥት ሹም ፈቃድ ማንንም ማሰናበት አይችልም ተባለ፤ ሳምንታዊ ደመወዝም ዋስትና አገኘ። በ1930ዎቹ ሥራ ፍለጋ ከበር በር ለተንከራተተ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው? ሹማምንት የሚሏቸውም ማኅበራቱ በጉባኤያቸው የመረጧቸው ናቸው።

ተቃዋሚ፦ ተመርጠዋል፤ አድማን አሳልፈው እንዲሰጡ ግን አልተመረጡም። በጥር 1942 በኬንት አውራጃ የቤትሻንገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች በአስቸጋሪ ክፍል ለሚሠራ ሰው በሚከፈል አበል ተጣሉ፤ ገላጋዩ ፈረደባቸው፤ ሥራ አቆሙ። ከሺህ በላይ ቆፋሪዎች ተከሰሱ፤ ሦስት የማኅበሩ ኃላፊዎች ወኅኒ ወረዱ። ከሰሉ ግን አልወጣም! በመጨረሻ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ እስረኞቹን በ11 ቀን ለቀቀ፤ መቀጮውንም አብዛኛው ሰው ሳይከፍል ቀረ። እነዚህስ “ራሳቸው ተስማምተው” ነበር?

ደጋፊ፦ አንዲት ቃል ይዘው እንደ ማስቲካ ማላመጥዎ ክርክር አይባልም፤ እኔም ጽሑፌን በቃል በቃል ፈተና ለማሳረም አልመጣሁም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ዓመት በ1918 በአድማ የጠፋው ወደ 5.9 ሚሊዮን የሥራ ቀን ነው፤ አድማ በበዛበት በ1944 እንኳ 3.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አውሮፕላኑ ተሠራ፣ መርከቡ ተጠገነ፣ አገሪቱ ተረፈች። ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ተቃዋሚ፦ ዋናው ጥያቄ ከመቼ ጀምሮ? ርእሱ “ሠራተኛውን ጠቅሟል” ይላል፤ አሁን ደግሞ “አገሪቱ ተረፈች” ሆነ። ስለ ቤትሻንገር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የጠቀሱት 1944 ራሱ መንግሥት ወሳኝ በሆኑ ሥራዎች አድማ እንዲመታ የሚቀሰቅስን እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ደንብ የጨመረበት ዓመት ነው። ጦርነቱ በ1945 አለቀ፤ ትእዛዝ 1305 ግን እስከ 1951 ኖረ፤ ያውም የተነሣው ሰባት የወደብ ሠራተኞች ፍርድ ቤት ቆመው ሌሎቹ ከተቆጡ በኋላ ነው። ለጊዜው ተብሎ ተላልፎ የተሰጠ መብት ሲመለስ እንዲህ ነው።

ደጋፊ፦ ከጦርነቱ በኋላ ላደረገው መንግሥትን ይክሰሱ፤ የ1940ው ኮሚቴ የ1951 ዕዳ የለበትም። ደግሞ እኔን ዝም አሉ ከማለትዎ በፊት፣ ከሥራ መባረር ስለ መቅረቱ ጠይቄዎት ነበር። ሁለት ጊዜ ጻፉ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘለሉት።