ማስተካከያ፦ የማርክ ፖፕ የመጀመሪያ ድል 123 ለ 52 ሳይሆን 103 ለ 62 ነው

አሰልጣኝ ማርክ ፖፕ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ሥራቸውን «በ123 ለ 52 ድል ጀመሩ» ተብሎ በስፋት የተጋራው መረጃ ስህተት ነው። ያ ውጤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2024 ከኬንታኪ ዌስሊያን ጋር የተደረገ የዝግጅት ጨዋታ ነው። ሚኔሶታ ስቴት ማንካቶን 98 ለ 67 የረቱበትም እንዲሁ የዝግጅት ጨዋታ ነበር። ሁለቱም ተጋጣሚዎች በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ሁለተኛው እርከን የሆነው የዲቪዥን ሁለት ቡድኖች ናቸው።

የውድድር ዘመኑ መክፈቻ ኖቬምበር 4 ቀን በሌክሲንግተን፣ ረፕ አሪና ተካሂዶ ኬንታኪ ራይት ስቴትን 103 ለ 62 አሸንፏል። ይህ ከይፋዊው የጨዋታ መዝገብና ከቡድኑ መርሐ ግብር የተወሰደ ነው።

መምታታቱ የሚመጣው የዝግጅት ጨዋታም በዚያው ሜዳ፣ በዳኛና በተመልካች ፊት ስለሚካሄድ ነው። ሆኖም ውጤቱ በአሰልጣኙ የድልና የሽንፈት መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ የተጫዋቾቹ ነጥብና ሪባውንድም (ስቶ ሲመለስ የያዙት ኳስ) በዓመቱ አማካይ ላይ አይደመርም። ስለዚህ ኬንታኪ ኖቬምበር 12 ቀን በአትላንታ ዱክን 77 ለ 72 ሲረታ የነበረው 3 ድል እንጂ 5 አይደለም፤ መካከል ላይ ያለው ድል በባክኔል ላይ የተገኘው 100 ለ 72 ነው። የዘመኑ መዝጊያ ውጤትም 24 ድልና 12 ሽንፈት ነው። 26 ድል ብሎ ያሰፈረ ካለ ሁለቱን የዝግጅት ጨዋታዎች ይቀንስ።